ለሰሜን ሸዋ ደጋ የትኛው በግ ይሻላል? የመንዝ በግ፣ የአዋሲና የዶርፐር ዲቃላዎች ንጽጽር

በደብረ ብርሃን የበግ ገበያ ገንዘቡን ይዞ የቆመ ጀማሪ አርቢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከሁሉ በገዘፈው በግ ላይ ነው። በግ የሚሸጠው በቁመናው ስለሆነ ትልቁን መምረጥ ትርፉን መምረጥ ይመስላል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነበር። ለአንድ ዲቃላ አውራ በግ የሁለት የመንዝ በጎች ዋጋ ከፍዬ ወደ ቤት አስገባሁት፤ በመጀመሪያው ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሳል ያዘውና ንፍጡ ሳይደርቅለት ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ጋጣው ውስጥ ተዘርሮ አገኘሁት። በዚያው ጋጣ አብረውት ያደሩት አምስት ትንንሽ የመንዝ እናት በጎች ግን ክረምቱን ተሻገሩ፤ ጥቅምት ሲገባ አራቱ ግልገል አስከትለው ይግጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግ ስገዛ ራሴን የምጠይቀው፣ ባለኝ ድርቆሽና በምኖርበት ብርድ ግልገሏን ለገበያ የምታደርሰው የትኛዋ እናት ናት ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በጉ ለምን ይፈለጋል?

በአገራችን ደጋ በግ የሚረባበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ሲለያይም የሚመረጠው በግ ይለያያል። በመንዝ ጌራ፣ በመንዝ ማማ፣ በመንዝ ላሎና በመንዝ ቀያ ገብሱን ውርጭ ሲመታውና በልጉ ሲቀር ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በግ ነው። ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለድንገተኛ ሕክምና ብሎ በሬ የሚሸጥ ገበሬ የእርሻውን ጉልበት ይሸጣል፤ በግ ያለው ግን እንደ ችግሩ መጠን አንድም ሁለትም አውጥቶ ይሸጣል፣ መንጋውም አይናጋም። እናት በግ የምታረግዘው ለአምስት ወር ገደማ፣ ማለትም ለ150 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ በደህና ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ላም አንዴ እስክትወልድ ዘጠኝ ወር የሚጠብቅ ሰው ይህ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቀዋል።

በግ እንደ ከብት የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ አራት ክፍል ያለው ጨጓራው ሰው ሊበላው የማይችለውን ሣርና ገለባ ወደ ሥጋ፣ ወደ ጮማና ወደ ጸጉር ይለውጠዋል። የሰው ልጅ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ የዱር በግን ያላመደበት ምክንያትም ከዚሁ የራቀ አይመስለኝም። በጠጡ ደግሞ ለጓሮው ድንችና ለገብሱ ማሳ ይወጣል። ወተቱን በተመለከተ፣ በእኛ ደጋ የበግ ወተት የመጠጣት ልማድ የለም፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ስለ አዋሲ ስንነጋገር ተመልሼ የማነሣው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይወስኑ። የሚፈልጉት እየወለደ የሚቀጥል መንጋ ነው ወይስ ለበዓል ደልቦ የሚሸጥ ጠቦት? ቤትዎ ያለው ደጋ ላይ ነው ወይስ ቆላ? ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ ሣሩ ደርቆ መሬቱ በሚራቆትበት ጊዜ፣ ምን ያህል ድርቆሽና ገለባ ይኖርዎታል? በእኔ እምነት ከሦስቱ ሁሉ የበለጠ የሚወስነው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱኑ ነው።

ከፍታው አስቀድሞ ይመርጣል

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ጋቢውን አውልቆ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ሙቀት ይደርሳል። ሰው ጋቢውን እንደሚያወልቅ በግ ጸጉሩን አያወልቅም። ለመንዝ ብርድ የተፈጠረ በግ ወደ ቀወት ቆላ ቢወርድ በሙቀቱና በመዥገሩ ይጎሳቆላል፤ ከቆላ የመጣው ደግሞ የታኅሣሥን ውርጭ አይችለውም።

ለቆላው ክፍል መልሱ አጭር ነው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ዝቅተኛ ቦታዎች ጸጉሩ አጭር፣ ጆሮው ትንሽ፣ ላቱ ወፍራም የሆነው የአፋር በግ ለሙቀቱና ለውኃ እጥረቱ የተሠራ ስለሆነ ከሱ የተሻለ የማቀርበው የለኝም። ቁጥቋጦ በሚበዛበት የመርሐቤቴና የሚዳ ገደላገደል ደግሞ ጥያቄው በግ ወይስ ፍየል መሆን አለበት፤ በግ ሣር ጋጭ ነው፣ ፍየል ቅጠል ለቃሚ ነው፣ ሣር በሌለበት በግ ማርባት ራስንም እንስሳውንም ማድከም ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ደጋው፣ ማለትም ስለ ባሶና ወራና፣ ስለ አንጎለላና ጠራ፣ ስለ ጣርማ በር ከፍተኛ ቦታዎችና ስለ መንዝ ነው።

የመንዝ በግ

በኢትዮጵያ በጎች ላይ የተደረገው የዘር ጥናት በአርሶና በአርብቶ አደሩ ዘንድ በየስማቸው የሚታወቁ 14 የበግ ዓይነቶችን መርምሮ በ9 ዝርያዎች መድቧቸዋል፤ የመንዝ በግ ከነዚህ አንዱ ነው። ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ያደገች እናት በግ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ትመዝናለች። ላቱ አጭርና ወፍራም ነው። አውራው ጠምዛዛ ቀንድ አለው፤ እናቶቹ ብዙዎቹ ቀንድ የላቸውም። ጸጉሩ ሻካራና ረጅም ሆኖ ጀርባውን እንደ ካባ ይሸፍነዋል።

ይህን ትንሽነት እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። እኔ በስሌት ላሳይ። በግ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ በግምት ከክብደቱ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ነው። 22 ኪሎ የምትመዝን የመንዝ እናት በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ትበላለች፤ ደረቁ ወራት 180 ቀን ቢሆን 135 ኪሎ መኖ ያሻግራታል ማለት ነው። 45 ኪሎ የምትመዝን ትልቅ እናት ደግሞ በቀን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ስለምትፈልግ ለዚያው ጊዜ ወደ 280 ኪሎ ይፈጅባታል። በአንዷ ትልቅ በግ መኖ ሁለት የመንዝ እናቶች ይከርማሉ፤ ሁለቱ በየፊናቸው አንዳንድ ግልገል ቢያደርሱ ትልቋ መንታ መውለድ ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ማሳደግ ይኖርባታል። መኖው ባነሰ ዓመት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ትንሿ ትከሳለች እንጂ ትቆማለች፣ ትልቋ ግን ወተቷ ይነጥፋል።

ላቱ ለጮማ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ሲበዛ በጉ ትርፉን ላቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሣሩ ሲጠፋ ያንን እያቀለጠ ይኖርበታል። ጥር ላይ ላቱ ሞልቶ የዳሰስኩትን በግ ግንቦት ላይ ስዳስሰው ቆዳው ተንጠልጥሎ እንደ ባዶ ስልቻ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በጉ ግን በእግሩ ይሄዳል። ገበሬው ጎተራ እንዳለው ሁሉ የበጉም ጎተራ ላቱ ነው።

በበሽታ በኩልም ብልጫው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በደብረ ብርሃን ጣቢያው የመንዝንና ከምዕራብ የመጣውን የሆሮን በጎች ጎን ለጎን አርብቶ የሆድ ትሎችን የመቋቋም አቅማቸውን ባጠና ጊዜ፣ የመንዝ ግልገሎች በሕይወት በመቆየት ከሆሮዎቹ በልጠው ተገኝተዋል። ሆሮ መጥፎ በግ ስለሆነ አይደለም፤ በአገሩ በወለጋ ቁመቱም የመንታ ልደቱም የሚያስመሰግነው በግ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድና ረግረግ ግን አገሩ አይደለም።

ጸጉሩን ልረሳው አልችልም። የመንዝ ሴቶች ጸጉሩን በቀለም ለይተው፣ አፍታተው፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ባና እና ዝተት ይሸምኑበታል። ስመ ጥሩው በርኖስ የሚሠራው በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ ጸጉር ነውና ቀለም መንከር አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ አሁን በጸጉር ገቢ ብቻ ተማምኖ መንጋ መመሥረት አይመከርም፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ረክሶ ከገባ ወዲህ የሸማኔው ቁጥር እየቀነሰ ነው። ሸማኔ ጎረቤት ያለው ሰው ግን ጥቁር እናቶችን ቢይዝ ይጠቀማል፤ በበዓል ገበያ ደግሞ ጥቁር በግ ከነጩና ከቀዩ ያነሰ ዋጋ እንደሚጠራበት አስቀድሞ ይወቅ።

ድክመቱንም ልናገር። የመንዝ በግ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳል፤ እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ በቁመት ስለሚለካ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጠራል። እነዚህን ጉድለቶች ለማሻሻል ነው ሌሎች ዝርያዎች ወደ አገራችን የመጡት።

የአዋሲ ዲቃላ

አዋሲ የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ነው፤ ሰውነቱ ነጭ፣ ፊቱ ቡናማ፣ ላቱ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከእስራኤል መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደረገ። ከሱ በፊት ኮሪዴልና ሃምፕሻየርን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር፤ ገበሬው ግን ዲቃላዎቻቸውን አልወደዳቸውም፣ ምክንያቱም ላት አልነበራቸውም። ላት የሌለው በግ በእኛ ገበያ ገዢ አያገኝም፤ የበዓል ቀን ላቱ ያልተቆረጠለት ምጣድ ምን ይቀቅላል? አዋሲ ላት ይዞ ስለመጣ ነው ሌሎቹ ያልገቡበት ቤት የገባው።

የአዋሲ ዲቃላ ግልገል ሲወለድ ከመንዝ ግልገል ይከብዳል፣ ፈጥኖ ያድጋል፣ ጸጉሩም ይበዛል፣ ገበያ ላይም ቁመቱ ዋጋ ያወጣለታል። ድርቆሽ የሚያጭድ፣ ለመኖ አጃና ቪች የሚዘራ፣ ፍሩሽካ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ይህን በግ ቢይዝ ይክሰዋል። በአገሩ አዋሲ የታወቀው በወተቱ ነው፤ እኛ የማንጠጣውን ወተት የምታመርት እናት ግን ያንን ወተት የምታመርትበትን መኖ ከእኛው ትጠይቃለች። ወተቱ ግልገሏን የሚያሳድግ ስለሆነ ጥቅም አለው፤ መኖው በሌለበት ግን እናቲቱ ከራሷ ሥጋ እየቆረሰች ታጠባለች፣ ለቀጣዩ እርግዝናም ሳትደርስ ትቀራለች። በዚህ የተነሣ ጎተራው ጠባብ ለሆነ ቤት የአዋሲ ደም ከሩብ ባይበልጥ ይሻላል እላለሁ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ የሆነው መኖ ለሞላው ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሜዲ ቪስና የሚባል፣ ሳንባን እያደረቀ ቀስ በቀስ የሚገድል የቫይረስ በሽታ በአገራችን በአዋሲ ዲቃላዎች ላይ ታይቷል። ከእናት ወደ ግልገል በወተት፣ ከበግ ወደ በግ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ሳይታይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ዲቃላ አውራ በግ ሲገዙ ከየትኛው መንጋ እንደወጣና የደም ምርመራ እንደተደረገለት ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። ሻጩ ጥያቄውን ሲሰማ ከተቆጣ በጉን ይተዉለት።

የዶርፐር ዲቃላ

ዶርፐር የደቡብ አፍሪካ በግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዝ ዶርሴት ሆርንን ጥቁር ራስ ፐርሺያን ከሚባለው በግ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው፤ ጥቁር ራስ ፐርሺያን ደግሞ ስሙ ፋርስን ይጥራ እንጂ ሥሩ የኛው የአፍሪካ ቀንድ ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ዶርፐር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከቤቱ ወጥቶ የቆየ ዘመድ በሌላ መልክ እንደ ተመለሰ ያህል ነው፤ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የዶርፐር ሥራው ሥጋ ነው። ሰውነቱ ረጅምና ድልብ፣ ጭኑ ሙሉ፣ እድገቱ ፈጣን ነው፤ ዲቃላዎቹ ጠቦቶች በጥሩ መኖ ከመንዝ ጠቦት ቀድመው ለገበያ ይደርሳሉ። ጸጉሩ ግን አጭር ነው፣ በራሱም ይረግፋል፤ ይህ ለደረቅ አገር መልካም ነው፣ ለታኅሣሥ ሌሊት ግን አይደለም። ላቱም እንደ መንዝ በግ አይሞላም። ስለዚህ ዶርፐርን የምመክረው ከባዱን ብርድ ላላየ የወይና ደጋ ቦታ፣ እንደ ምንጃርና ሸንኮራ፣ ገለባውና መኖው ለተረፈው፣ ሊሸጠውም የሚፈልገው ሥጋውን በክብደት ለሚገዛ ነጋዴ ለሆነ አርቢ ነው። መሐል ሜዳ ላይ የዶርፐር ዲቃላ ማርባት ግልገሉን ሌሊት ሌሊት ቤት ውስጥ አስገብቶ ማሳደር የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለሁለቱም ዲቃላዎች የሚሆን ምክር፦ ትልቅ አውራ በግ በመጀመሪያ ወሊዷ ላይ ባለች ትንሽ የመንዝ ቄብ ላይ አይልቀቁ። ግልገሉ ከማኅፀኗ በር ይገዝፍና እናትም ልጅም የሚሞቱበት ጊዜ አለ። አንድ ሁለቴ የወለደችውን እናት ይስጡት።

ከጎጃም ስለሚመጣው የዋሸራ በግ የሚጠይቁኝ አሉ። ቀይ ቀለሙና ቁመናው ያማረ በግ ነው፤ ለማድለብ ተገዝቶ በሦስት ወር ለሚሸጥ ይሆናል፣ ለደጋችን የርቢ መንጋ ግን አልመርጠውም።

ማርባት ወይስ ማድለብ?

ገንዘቡ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር የሆነ ሰው፣ በተለይ ከከተማ ዳር የሚኖር ወጣት፣ ማድለብን ቢመርጥ ይሻለዋል። እዚህ ላይ የዝርያ ምርጫ ከቀን መቁጠሪያ ምርጫ ያነሰ ነው። ገበሬው ለማዳበሪያና ለቀለብ ብሎ በግ በሚያወጣበት በሰኔ የተገዛ ከሲታ ጠቦት ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይደርሳል። ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ማለቂያ ላይ መግዛት አለበት፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ጾሙ ከገባ በኋላ ቢገዛ በጉ በርካሽ ይገኛል፣ የሚደልብበት ጊዜ ግን ያጥራል። በቆላው ወረዳዎችና በከተሞቹ ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ለዒድ አል አድሃ የሚፈልጉትን በግ ማሰብም ተገቢ ነው፤ በዓሉ በየዓመቱ ወደ ኋላ 11 ቀን ገደማ ስለሚሸሽ ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር ይገባል። ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ከጉድለት የጸዳ መሆን ስላለበት ዓይኑ የጠፋ ወይም የሚያነክስ በግ ለዚህ ገበያ አይያዝም።

የመንዝ ጠቦት ከድርቆሹ ላይ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም የፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ቢሰጠው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይጨምራል፤ በ90 ቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ማለት ነው። ድብልቁ በአንድ ቀን ሙሉ አይሰጥም፤ ከእፍኝ ተነሥቶ በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ያልለመደ በግ ገብስ ወይም ፍሩሽካ በብዛት ካገኘ ሆዱ ኮምጥጦ በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል። ዲቃላ ጠቦት በተመሳሳይ ጊዜ የበለጠ ኪሎ ይጨምራል፤ የመግዣ ዋጋውና የሚበላው ግን አብሮ ከፍ ስለሚል ሒሳቡን በወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት ይገባል።

ገበያ ላይ እጅ ይሥራ

ዝርያውን ከወሰኑ በኋላም ያችኛዋን በግ ከዚህችኛዋ መለየት ይቀራል። በግ የላይኛው መንጋጋው ላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ዕድሜው የሚነበበው ከታችኛው ነው። ከንፈሯን ዝቅ አድርገው ሲያዩ ስምንቱም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናት፤ መካከል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ከወጡ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ናት፤ አራት ከሆኑ ወደ ሁለት ዓመት፣ ስምንቱም ትልልቅ ከሆኑ አራት ዓመት ገደማ ናት። ለርቢ የምመርጣት ሁለት ወይም አራት ጥርስ ያላትን ነው። ጥርሷ የተሸረፈና የተራራቀ በግ የመንዝን አጭር ሣር ነክሳ መብላት አትችልም፤ በርካሽ ብትገኝም ውድ ናት።

ከዚያ አውራ ጣትዎን የታችኛው የዓይኗ ቆብ ላይ አድርገው ወደ ታች ይጎትቱት። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ወረቀት ከነጣ የጉበት ትል ወይም የጨጓራ ትል ደሟን መጥጦታል። ከአገጯ ስር እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ እብጠት ካለም ነገሩ ያው ነው። ጸጉሯ ሆዷን ሊያሳብጥ፣ ክሳቷን ሊሸፍን ስለሚችል በዓይን አይመኑ፤ መዳፍዎን ወገቧ ላይ ጫን አድርገው የአከርካሪውን አጥንት ይዳስሱ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተቆጠረ ከሲታ ናት። ጥቂት ያስሩጧትና ቆም ስትል ትስል እንደሆነ ያዳምጡ። ሁለቱንም ጡቶቿን ይንኩ፤ አንዱ የጠጠረ ከሆነ ግልገሏ ይራባል። ሰኮናዋን አንሥተው ያሽትቱ፤ የሚከረፋ ከሆነ እግሯ እየበሰበሰ ነው። የዘር አውራ ከሆነ ሁለቱ ቆለጦቹ እኩልና ጠንካራ መሆናቸውን በእጅ ይመርምሩ።

የሚገዟት በግ አንድ ብቻ አትሁን። እ.ኤ.አ. በ2001 በካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የባብራሃም ተቋም የተደረገ ጥናት በግ የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለሁለት ዓመት ያህል ሊያስታውስ እንደሚችል አሳይቷል። በግ ሞኝ ነው የሚባለው የማያውቁት ሲናገሩ ነው። ከለመደቻቸው ተለይታ ለብቻዋ አዲስ ጋጣ የገባች በግ ስትጮኽ ታድራለች፣ መኖ ትነሣለች፣ ትከሳለች። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሦስት በጎች አብረው ሲገዙ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ይረጋጋሉ።

ከገበያ ወደ ቤት

አዲስ በግ ከነባሩ መንጋ ጋር በዚያው ቀን አይቀላቀልም፤ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። በዚያ ጊዜ የበግ ፈንጣጣን፣ የሳንባ ምችንና የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን ክትባት ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። ረግረጋማ ሜዳ ላይ የሚግጥ መንጋ የጉበት ትል መድኃኒት ክረምቱ ሲወጣና እንደገና ጥር ገደማ ይወስዳል። እርግዝናዋ ገና በመጀመሪያው ወር ላይ ላለች በግ አልቤንዳዞል አይሰጥም፤ ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። አንገቷን አጥምማ በአንድ ወገን የምትዞር በግ ካዩ አዙሪት ነው፤ መነሻው የውሻ ኮሶ ስለሆነ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ጥሬውን መጣል መቅረት አለበት።

ጋጣው ደረቅ ከሆነና ነፋስ ካልገባበት ትልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ በእኛ አገር ከብርዱ ይልቅ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ግልገል የሚገድሉት።

አውራው

የተሻለ በግ ለማግኘት የግድ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም ብዬ የማምነው በአንድ ምክንያት ነው። በየመንደሩ ፈጥኖ ያደገው፣ ጀርባው የሰፋው፣ ላቱ የሞላው ጠቦት ከሁሉ በፊት ለበዓል ይሸጣል፤ ሳይፈለግ የቀረው ቀጫጫው ደግሞ ከእናቶቹ ጋር ይቀርና የመንጋው አባት ይሆናል። ይህ ትውልድ ከትውልድ ሲደጋገም በጉ እያነሰ ቢሄድ በዝርያው ሊፈረድበት አይገባም፤ የመረጥነው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ)፣ ኢልሪና የቪየናው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን የምርምር ማዕከላት ጋር በመንዝ፣ በሞላሌና በመሐል ሜዳ የጀመሩት ማኅበረሰብ አቀፍ የማሻሻያ ሥራ የተነሣው ከዚህ ነው፤ አርቢዎቹ ራሳቸው ግልገሎቻቸውን እየመዘኑ፣ የእናቶቹን ታሪክ እየመዘገቡ፣ ምርጦቹ አውራዎች እንዳይሸጡ አስቀርተው በጋራ ይጠቀሙባቸዋል።

አራት አምስት እናት ብቻ ያለውም ሰው ይህን ከጎረቤቶቹ ጋር ሊያደርገው ይችላል። ግልገል በተወለደ በሦስት ወሩ በእጅ ሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱ ከእናቱ ስም ጋር ደብተር ላይ ይጻፍ። አውራው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ በሁለት ዓመት ይቀየር። ባለፈው ገና ዋዜማ አንድ ነጋዴ ከጠቦቶቼ ሁሉ የከበደውን መርጦ ጥሩ ዋጋ ጠራልኝ፤ ደብተሬን አየሁና አልሸጥም አልኩት። ቀይ ክር አንገቱ ላይ አሠርኩለት። አሁን ከወንዝ ማዶ ባሉት ጎረቤቴ እናት በጎች መካከል ነው፤ የእሳቸው አውራ ደግሞ የእኔ ጋጣ ውስጥ ያድራል።